በርበሬ በረንዳ ባሕር ላይ

መርካቶ ውስጥ ርቀት ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «እዚችው ናት።» ዱባይ ተራ የት ነው? እዚችው ናት። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይስ? እሱም እዚችው ነው፤ ትንሽ ወረድ ብሎ። እንግዳው ሰው ተሽከርክሮ፣ በተሸካሚ ተገፍቶ፣ ሁለት ጊዜ ወደተነሣበት ተመልሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ጠቋሚውን መርገም ያምረዋል። ግን ያ ሰው አልዋሸውም። ቦታው ከመጀመሪያውም እዚችው ነበር፤ የራቀው መንገዱ ነው።

አፍራ ይመር ይህን ጉድ በሶፍትዌር ልትገራ ከተነሣች አምስት ወር ሆኗታል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ያሰበችው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ዕቃ የፈለገ ነጋዴ ስልኩን ነካ ሲያደርግ ቅርብ ያለው መጋዘን የቱ እንደሆነ፣ ቅርብ ያለው ተሸካሚ የት እንደቆመ የሚነግረው አፕ። ቢሮዋ የእናቷ ሱቅ ቆጥ ነው። እናቷን ገበያው እትዬ ጠሂራ ይላታል፤ ከወሎ መጥታ በርበሬ በረንዳ ላይ ዛላ በርበሬና ኮረሪማ መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ቆጡ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም፤ ቁጭ ብሎ ማስነጠስ ግን እንደ ልብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ የበርበሬው ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ደግሞ ቀስ እያለ ይወጣል። አፍራ አንዳንዴ ሥራዋን ትታ ይህን ስታይ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። እንቅልፍም አይደለም፣ ንቃትም አይደለም።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ለያንዳንዱ ሱቅ ሁለት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ፤ አንዱ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደወጣ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደገባ። ከዚያ መሬት ድቡልቡል መሆኗን የማይረሳ አንድ ቀመር አለ። ሁለት ቦታ ሲሰጡት በሁለቱ መካከል የሚዘረጋውን አጭሩን መስመር በኪሎ ሜትር ይናገራል። ቀመሩ አጥር አያውቅም፤ የተዘጋ መንገድ አያውቅም፤ ቪዛም አያውቅም። አፍራ ይህን ጠባዩን ትወድለታለች።

ቁጥሮቹን የሰበሰቡት ጋሽ ዘውገ ናቸው። ድሮ የተሸካሚዎች አለቃ ነበሩ፤ መርካቶ ውስጥ እሳቸው የማያውቁት በር ቢኖር ገና ያልተሠራ በር ነው። አፍራ ስልክ ሰጥታ፣ በየሱቁ ደጃፍ እየቆሙ ስልኩ የሚያሳያቸውን ሁለት ቁጥር እንዲመዘግቡላት ለመነቻቸው። እዚያው ስልኩ ላይ መመዝገብ ይቻላል ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ። ደብተር ባትሪ አያልቅበትም ብለው ባለ ሃምሳ ቅጠሉን ደብተር በብብታቸው ይዘው ወጡ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው። መርካቶ ውስጥ አድራሻ የሚነገረው ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው፤ መጀመሪያ ተራው፣ ቀጥሎ ሕንጻው፣ ከዚያ ፎቁ፣ በመጨረሻ በሩ። ጋሽ ዘውገ አርባ ዓመት እንዲህ ሲናገሩ ኖረዋል። ስልኩ ዘጠኝን አስቀድሞ ሠላሳ ስምንትን ሲያስከትልባቸው ሥርዓት ያልተማረ ዕቃ መሰላቸው። ስለዚህ በደብተራቸው ላይ ትልቁን ቁጥር ከፊት፣ ትንሹን ከኋላ አድርገው አስተካከሉት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሱቅ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ። ለማንም አልነገሩም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰላቸውም።

አፍራ ደብተሩን እንዳለ ወደ ላፕቶፕዋ ገለበጠችው። ማሽኑም አላጉረመረመም። ሱቅን ከሱቅ ስታለካካ ልክ የሚመስል ቁጥር ይሰጣታል፤ አንዳንዱ ብቻ ትንሽ ያጥራል። ጎረቤታቸው ሀጂ ሙናዊር፣ የስልጤው ጨርቅ አከፋፋይ፣ ለአፕ ሥራው ነጋዴዎችን ያስተባበሩላት እሳቸው ናቸውና አንድ ቀን መጥተው ቆጡ ሥር ቆሙ።

«ልጄ፣ ከኔ መጋዘን እስከዚህ ሱቅ መቶ ሜትር ነው። በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ። ማሽንሽ ሰባ ስምንት አለኝ። ሃያ ሁለቱን የት አደረስሽው?»

«የስልኩ ስህተት ይሆናል፣ ሀጂ። አየዋለሁ» አለች አፍራ።

«ረቡዕ ነጋዴው ሁሉ ሊያየው ነው የሚመጣው። እንዳታሳፍሪኝ።»

ገበያው እርስ በርሱ ሲለካካ ስህተቱ አይታወቅም ነበር፤ ሁሉም አንድ ላይ ስለተሳሳተ። ከውጭ ካለ አንድ ነገር ጋር መለካት ነበረበት። ያ አንድ ነገር ደግሞ አፍራ ለማንም ያልተናገረችው ነው።

ሐምዱ የሚባል ታላቅ ወንድም አላት። ከስድስት ዓመት በፊት በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ፤ ከሊቢያ ጀልባ ተሳፈረ፤ ጀልባዋም አልደረሰችም። ወሬው የመጣ ጊዜ ሀጂ ሙናዊርና ሌሎች አራት ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ገና ሲነጋጋ መርዶ ይዘው መጡ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ሲደረደር ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እናቷም አወቀች። ግን አልጮኸችም። ሻሿን አስተካክላ በሩ ላይ ቆመችና «የት?» አለቻቸው።

«ባሕር ላይ» አሉ ሀጂ።

«ባሕር ላይ የት?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ባሕር ማለት አገር አይደለም፣ ሀጂ። ወይ የቀበራችሁበትን አሳዩኝ፣ ወይ የወደቀበትን ቦታ ንገሩኝ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሲመጣ አለቅሳለሁ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም። በየዓመቱ ለአረፋ ዱባይ ተራ ትሄድና ለሐምዱ ሸሚዝ ትገዛለች። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይወፍራል እያለች ቁጥሩን በየዓመቱ አንድ አንድ ከፍ ታደርገዋለች። ሻጮቹም አውቀውት ዝም ይላሉ።

ቦታውን የሚያውቅ ሰው ግን ነበረ። ፈርሀት የሚባል የሰፈር ልጅ ከሐምዱ ጋር ተሳፍሮ ነበር፤ እሱ ተርፏል። ጣልያን ሲደርስ የደወለው ለአፍራ ነው፤ የእናትየውን ድምፅ መስማት ፈርቶ። ጀልባዋ ውሃ ስታስገባ አንድ ሰው በሳተላይት ስልክ እርዳታ እየጠራ ሁለት ቁጥር ደጋግሞ ይጮህ ነበር። ሠላሳ አራት ነጥብ ሁለት። አሥራ ሁለት ነጥብ አራት። ጀልባዋ እስክትገለበጥ ድረስ ያንኑ ይጮህ ነበር። ፈርሀት ቁጥሩን ልያዝ ብሎ አልያዘውም። «እስካሁን በእንቅልፌ እሰማዋለሁ» አላት።

አፍራ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ እንኳን አላሰፈረቻቸውም፤ አያስፈልግም ነበር። እናቷ ለሽማግሌዎቹ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ እሷ ደረት ውስጥ ተቀመጠ። ብትናገር እናቷ ታለቅሳለች፤ እናቷ ካለቀሰች ሐምዱ ሞተ ማለት ነው። እስከዚያ ግን ሸሚዝ የሚገዛለት ሰው ነው። ወንድሟን የገደለችው እሷ እንዳትሆን ፈራች። የመጀመሪያውን ዓመት በፍርሃት ዝም አለች፤ የቀሩትን አምስቱን በእፍረት። ዛሬ ብትናገር ለምን ትናንት አልተናገርሽም የሚለው አለ፤ ትናንትም ቢሆን ከትናንት ወዲያ አለ።

ሰኞ ከሰዓት ነበር። ገበያው ከምሳ በኋላ ትንሽ ይፈዛል፤ ጩኸቱ ሳይቆም ይለዝባል። አፍራ ለረቡዕ የመጨረሻውን ፍተሻ እያደረገች ነው። ቀመሩ በቅርብ ብቻ ሳይሆን በሩቅም እንደሚሠራ ለማየት አንድ ሩቅ ቦታ መስጠት ደንብ ነው። መነሻውን የእናቷን ሱቅ አደረገች። መድረሻውን ደሴ ልትል ነበር። ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ዓይኗ ከበድ ከበድ ይላል፤ ጣቶቿ ግን የደሴን አልጻፉም። ሠላሳ አራት ነጥብ ሁለት። አሥራ ሁለት ነጥብ አራት።

ማሽኑ አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሜትር አለ።

አፍራ ቁጥሩ ልክ ሊሆን እንደማይችል ያወቀችው ገና ሳታነበው ነው። የሊቢያ ባሕር ከዚህ ሺዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተሰብሯል። ግን ለአንድ አፍታ ማረም አላማራትም። አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት የሰው ርቀት ነው፤ አውቶቡስ የሚገባበት፣ መንገድ ላይ ሙዝ ተገዝቶ የሚደረስበት። ደስ አላት። ሞኝነት መሆኑን እያወቀች ደስ አላት።

«ምን አገኘሽ? ፊትሽ በራ» አለች እናቷ። የኮረሪማ ጆንያ ልትወስድ መሰላሉን ወጥታ ከኋላዋ አጎንብሳ ቆማ ነበር።

«አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሜትር።»

«ከየት እስከ የት?»

«ከሱቃችን እስከ ሐምዱ።»

አፏን በእጇ ያዘች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። እናቷ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ከታች አንድ ሰው ስለ እርድ ዋጋ ይከራከራል።

«ሐምዱ የት ነው ያለው?» አለች እናቷ በለሆሳስ።

አፍራ ነገረቻት። የፈርሀትን ስልክ፣ ውሃውን፣ ሲጮህ የነበረውን ሰው፣ ሁለቱን ቁጥሮች። እያንዳንዱን ቃል ስትናገር ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

«መቼ ነው የነገረሽ?»

«ያኔውኑ።»

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት፣ እማ።»

እናቷ አየቻት። አፍራ ብትመታት በወደደች። «እኔ በሩን ሳይ አንቺ እኔን ስታይ ነበር ማለት ነው?» አለች እናቷ። «ሸሚዙን ሳጥፍ አብረሽኝ ታጥፊ ነበር'ኮ፣ አፍራ። እጅጌውን ይዘሽልኝ።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔስ ያልፈራሁ መሰለሽ?»

ከዚያ እናቷ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። «አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት። ከወልዲያ አልፎ ቆቦ ማለት ነው። ቆቦማ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ! በሌሊት ከተሳፈርኩ ለመግሪብ እደርሳለሁ።» ተነሥታ ሻሿን ፈትታ እንደገና ማሰር ያዘች። «ነገ እሄዳለሁ። ዳር ላይ ቆሜ አለቅስና እመለሳለሁ። ሱቁን አንቺ ትጠብቂያለሽ።»

አፍራ እናቷን መንገደኛ ሆና አየቻት። አሁን ዝም ማለት አይቻልም። አንዴ ዝም ብላ ያየችው በቃት።

«እማ፣ ቁጥሩ ስህተት ነው።»

«አሁን አንቺ አይደለሽ የተናገርሽው?»

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው። ሐምዱ በጣም ሩቅ ነው። አውቶቡስ አይደርስም።»

የእናቷ እጅ ሻሹ ላይ ቀረ። «ቦታውም ውሸት ነው በይኛ!»

«ቦታው ልክ ነው። ፈርሀት አይሳሳትም።» አፍራ ይህን ስትል ስህተቱ የት እንዳለ ገባት። «የሱ ቦታ ልክ ነው፣ እማ። የጠፋነው እኛ ነን።»

ሱቆቹን ሁሉ ካርታ ላይ አወጣቻቸው። እስከዚያ ቀን ሥራው ሁሉ በቁጥር ነበር፤ ካርታ ላይ ዘርግታ አይታቸው አታውቅም። ገጹ ሲከፈት ሰማያዊ ሆነ። ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ፣ ከላይ በኩል ብቻ የአንድ ደሴት እግር።

መርካቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ተንሳፍፋ ነበር። ሰርዲኒያ ከሚባለው የጣልያን ደሴት በስተደቡብ፣ ከዳርቻው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቀይ ነጥብ ውሃው ላይ ተሰጥቷል። ቅርጿን አልለቀቀችም። ወደ ምሥራቅ ይሄድ የነበረው ረድፍ ወደ ሰሜን ዞሯል፣ የሰሜኑ ወደ ምሥራቅ፣ በመስተዋት እንደሚታይ ፊት፤ የሀጂ ሙናዊር ሃያ ሁለት ሜትርም በዚያው መዞር ጠፍቷል፤ ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር የምሥራቅና የምዕራብ ርቀት ይጠብባልና። ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ አልተለያየም። ዱባይ ተራ ከነጫማው ከነቴሌቪዥኑ ውሃው ላይ ቆሟል። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ያሉት ሱቆች ድልድያቸውን እዚያው ትተው መጥተዋል። አፍራ ትክ ብላ ስታይ ተሸካሚዎቹ ታዩዋት፤ በማዕበሉ ላይ ዞር በሉ፣ ዞር በሉ እያሉ፣ ቦንዳቸውን በጀርባቸው አድርገው፣ አንዳቸውም ሳይሰምጡ። ጆንያው አይርስም። ሚዛኑ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። የታቹ ገበያ ጫጫታ ይመጣል፣ ይሸሻል፣ ደግሞ ይመጣል፤ ባሕር አይታ የማታውቀው አፍራ ባሕር እንዲህ ሳይሆን አይቀርም የሚጮኸው ብላ አሰበች።

«ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?» አለች እናቷ።

«ባሕር ነው።»

«የሱ ባሕር?»

«አዎ። ያው ነው።»

«ነጥቦቹስ?»

«እኛ ነን። ጋሽ ዘውገ ቁጥሮቹን ገልብጠው ጽፈዋቸው ነው። ይቺ ያንቺ ሱቅ ናት።»

እናቷ ወደ ማሽኑ ተጠጋች። መነጽሯን ከሻሿ ሥር አውጥታ አደረገች። ሱቋን አየች፤ ግራና ቀኟን አየች፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ መኖራቸውን በጣቷ እየነካች አረጋገጠች። ከዚያ «ወደ ልጄ ውሰጅኝ» አለች።

አፍራ ካርታውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ መግፋት ጀመረች። ቸኩላ መዝለል ትችል ነበር፤ አልዘለለችም። ሰማያዊ ነበር፤ ከዚያም ሰማያዊ። አንድ ቦታ የቱኒዚያ ጥግ ብቅ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። እናቷ እንደ መንገደኛ ነው የምታየው፤ መንገዱን ልትይዘው። ውሃው ሲረዝምባት ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር። ዱዓ ይሁን ቆጠራ አፍራ አልሰማችም። በመጨረሻ አንድ ነጥብ መጣች። አጠገቧ ደሴት የለም፤ የከተማ ስም የለም፤ ምንም የለም።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

እናቷ ነጥቧ ላይ መዳፏን አኖረች፤ ትኩሳት ያለው ልጅ ግንባር ላይ እንደሚደረገው። ማሽኑ ሲሠራ ስለዋለ ይሞቅ ነበር። እንዲህ ሆና ቆየች፤ ቀስ ብላም «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። ሞት ሲሰማ የሚባል፣ ስድስት ዓመት አፏን ሞልቶ የከረመ ቃል ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም፤ ሁለተኛ ስትለው በርበሬ በረንዳ ከዳር እስከ ዳር ሰማት።

ታች ክርክሩ ቆመ። መጀመሪያ የቀጣዩ ሱቅ የብረት በር ወረደ፣ ቀጥሎ የዚያ ማዶው፣ ከዚያ ሁሉም። ማንም ማንንም አልጠየቀም። በቀን ብርሃን፣ ገበያው ገና ሳይፈታ ተራው ሙሉ ተዘጋ። ሀጂ ሙናዊር ጫማቸውን ሳያወልቁ መሰላሉን ወጡ። እትዬ ጠሂራን ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ ሲያዩዋት አጠገቧ ተቀምጠው አብረዋት አለቀሱ። ስድስት ዓመት የታገሡት ለቅሶ ስለነበር አላጠረም።

ድንኳኑ ከሱቁ በስተጀርባ ካለው ቅያስ ላይ ተጣለ። ማግስቱን ከዙሁር በኋላ አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሰላት ተሰገደለት። ጋሽ ዘውገ ነገሩን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን በደረታቸው ይዘው መጡ። እናትየው ፊት ቆመው እንደ ልማዳቸው «አፈሩን ያቅል...» ብለው ጀመሩና አፈር አለመኖሩ ትዝ አላቸው።

«ውሃውን ያቅልልለት፣ እትዬ» አሉ።

«አሚን» አለች። «እርስዎ ነዎት ያደረሱኝ፣ ጋሽ ዘውገ።»

«እኔማ አበላሸሁ እንጂ...»

«ተዉት።»

አፍራም ያንኑ ቀን ማሽኗን አውጥታ ነበር። «እማ፣ አሁን ላስተካክለው» አለች። «የሁለቱን ቁጥሮች ቦታ ማለዋወጥ ብቻ ነው። የአንድ መስመር ሥራ ነው። ሁላችንም ወደ ቤታችን እንገባለን።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። «ለቅሶ የሚቀመጡት ከሟች ደጅ ነው። ሦስቱን ቀን እዚያው እንሁን።»

«ረቡዕ ነጋዴዎቹ ሊያዩት ነው'ኮ የሚመጡት።»

ሀጂ ሙናዊር ከምንጣፉ ላይ ቀና አሉ። «ረቡዕ የለም» አሉ። «ገበያው ባሕር ላይ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ።» ዓይናቸው ቀልቶ ስለነበር ቀልድ ይሁን እውነት ማንም አልለየም።

እውነትም እንዲሁ ተናገሩ። ማሽኑ ድንኳኑ ውስጥ አንድ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ነጋዴው እየመጣ አጎንብሶ ማየት ጀመረ። ዱባይ ተራ ያለው ጫማ ሻጭ፣ ኤሌክትሮኒክስ አስመጪው፣ በየአረፋው ሸሚዝ ይሸጡላት የነበሩት ሳይቀሩ። እያንዳንዱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ «የኔስ ሱቅ?» አፍራ ፈልጋ ታገኝለታለች፤ «እዚህ ነዎት።» ሰውየው ሱቁን ውሃ ላይ ያያል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐምዱስ?» ይላል፤ አፍራም ካርታውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትገፋለታለች። አንዳንዱ ሁለተኛ፣ ሲልም ሦስተኛ ጊዜ መጣ። በሦስት ቀን ውስጥ ያን ውሃ ስንት ጊዜ እንደተሻገረችው አታውቅም። አንድ ነገር ግን ገባት፤ ሐምዱ ስድስት ዓመት ብቻውን ነበር፤ አሁን አራት መቶ አሥራ ሁለት ሱቅ ሊያለቅስለት መጥቷል፣ ከነሚዛኑ፣ ከነጆንያው።

ሐሙስ ጠዋት ድንኳኑ ፈረሰ። እናቷ ሱቁን ከፈተች፤ ዛላውን ዘረጋች፤ ከዚያ ቆጡ ላይ ወጥታ አፍራ አጠገብ ተቀመጠች።

«በይ» አለች።

አፍራ መስመሯን ጻፈች። ፊተኛው ወደ ኋላ፣ ኋለኛው ወደ ፊት። ካርታውን እንደገና ስትከፍት ነጥቦቹ ሁሉ ከውሃው ላይ የሉም። ሰማያዊው ባዶውን ቀርቷል፤ ከታች በኩል አንዷ ብቻ ናት የቀረችው። መርካቶ አዲስ አበባ ላይ ናት፣ ምሥራቋ ወደ ምሥራቅ፣ ሰሜኗ ወደ ሰሜን።

«ስንት አለ?»

«ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር።»

እናቷ ይህን አልቆጠረችውም። ከምታውቀው መንገድ አንዱም አይደርስበትም። «ሁላችንም ገባን» አለች። «እሱ ብቻ ቀረ።»

አፍራ ስድስት ዓመት እናቷ እንዳታለቅስ ስትጠብቅ፣ ሦስት ቀን ደግሞ ለሰው ሁሉ ወንድሟን ስታሳይ፣ እሷ ራሷ አንድ እንባ አላፈሰሰችም ነበር። በማሽኑ ላይ ተደፋች። በአርጩሜ እንኳን ገርፏት የማያውቀው፣ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ቦርሳዋን ይሸከምላት የነበረው፣ ሲሄድ «ሄጄ እደውላለሁ» ብሏት ሄዶ ያልደወለው ሐምዱ፣ ያ ሐምዱ ሞቷል። ጮኸች፤ ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም።

እናቷ የአፍራን ራስ ስባ ጭኗ ላይ አደረገችው። በበርበሬ እጇ እንዳትነካት ክንዷን ብቻ በጸጉሯ ላይ አሳለፈች።

«አልቅሺ» አለቻት። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ከታች ደንበኛ መጥቶ እትዬ ጠሂራ፣ እትዬ ጠሂራ እያለ ይጣራል። አልመለሰችለትም።